ድምፁ የታፈነ የጊታር አምፕ፦ ጥፋቱን ከክሩ እስከ ስፒከሩ ተከታትሎ ማግኛ

ዝም ያለ አምፕ ብዙ አያስቸግርም፤ ፊውዙ ይታያል፣ ገመዱ ይታያል፣ ይገኛል። የሚያስቸግረው ሳይሞት የደከመው ነው። ይበራል፣ ይጮኻል፣ ግን ኮርድ ሲመታ ክሮቹ አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ፤ ቀጭኑ ክር ጉንፋን እንደያዘው ዘፋኝ ይታፈናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቀጥታ አዲስ ቲዩብ (ድምፁን የሚያጎላውን አምፖል መሰል መስታወት) ሊገዛ ይሄዳል፣ ወይም ካቻቢቴ አንስቶ ሣጥኑን ይከፍታል። ሁለቱም ችኮላ ነው። ጥፋቱ አምፑ ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ ውስጥ ቢሆንም ምንም ብር በማይጠይቅ አንድ ጃክ (የገመድ መሰኪያ) ላይ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ የምንይዘው ባለ 40 ዋት የቲዩብ ኮምቦ (አምፑና ስፒከሩ በአንድ ሣጥን) ነው፦ ስፒከሩን የሚገፉ ሁለት 6ኤል6 የፓወር ቲዩብ፣ የጊታሩን ደካማ ድምፅ አስቀድመው የሚያጎሉ ሦስት 12ኤኤክስ7 የፕሪአምፕ ቲዩብ፣ አንድ ባለ 12 ኢንች 8 ኦም ስፒከር። ፌንደር ሆት ሮድ ዴሉክስ የዚህ ዓይነት ነው። ትራንዚስተር አምፕ ያላችሁም ቲዩብ የሚለውን ዝለሉ እንጂ ሌላው ይመለከታችኋል።

መጀመሪያ ምን እንደጎደለ ለዩ

«ድምፁ ተበላሸ» ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። አምፑን አሙቁት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አንድ ኮርድ ምቱና እስኪጠፋ ድረስ አዳምጡ።

የጎደለው ትሬብሉ ብቻ ከሆነ፣ ቤዙ ግን እንደነበረ ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ገመድ፣ ወደ ክር፣ ወደ ጊታሩ ቮልዩምና ቶን ይሄዳል። ቤዙ ልል ሆኖ ሲመታ የሚንቦጫረቅ ከሆነና ከበስተኋላው ዝቅ ያለ እምምታ ካለ የፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪኩን አጠራቅመው የሚያለሰልሱት) ያስጠረጥራሉ። ድምፁ ስስ ሆኖ ኖታው ሊጠፋ ሲል መጨረሻው ላይ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ፓወር ቲዩብ ወይም ቢያስ (ምንም ሳይጫወቱ ቲዩቦቹ የሚስቡት ከረንት ልክ) ነው፤ ስፒከርም ሊሆን ይችላል። አንዴ ጥርት ብሎ አንዴ የሚታፈን፣ መሬቱን በእግር ሲመቱት የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ልል ግንኙነት ነው፦ ጃክ፣ የቲዩብ መቀመጫ ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ። የሰማችሁትን ጻፉት። አንድ ሰዓት ከደከማችሁ በኋላ ጆሯችሁ የመጀመሪያውን ድምፅ አያስታውስም።

ጊታሩንና ገመዱን ከጥርጣሬ ማውጣት

ፔዳሎቹን በሙሉ ንቀሉ። ጊታሩን በአንድ ባለ 3 ሜትር ገመድ ቀጥታ አምፑ ላይ ሰኩ፤ የጊታሩ ቮልዩምና ቶን 10 ላይ ይሁኑ። ድምፁ ተመለሰ? እንግዲያው አምፑን ተዉት፤ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ እየጨመራችሁ ሂዱ፣ በየትኛው ላይ እንደታፈነ ታገኙታላችሁ። ባትሪው የደከመ ፔዳል በራሱ በቂ ምክንያት ነው። የጊታሩ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ባትሪ የሚጠቀም ከሆነም መጀመሪያ ባለ 9 ቮልቱን ለኩ፤ ከ8 በታች ከሆነ ቀይሩት።

የገመድ ርዝመት የሚያደርሰውን ጉዳት ብዙ ሰው አቅልሎ ያያል። የጊታር ገመድ በግምት በሜትር 100 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ አለው፤ የፒካፑ ኮይል ከዚህ ጋር ተጣምሮ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚያበራበትን ቦታ ይወስናል። 2.5 ሄንሪ ገደማ ያለው ሲንግል ኮይል ፒካፕ በ6 ሜትር ገመድ ያ ቦታ 3.8 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይውላል። ገመዱን 12 ሜትር ስታደርጉት ወደ 2.8 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። ፒኩ ክሩን ሲነካ የሚሰማው ጠቅታ፣ የክሮቹ መለያየት ያለው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል። አምፑን ያልነካው ሰው ግን «ከመድረክ ወዲህ ድምፁ ሞተ» ይላል፤ ለመድረኩ ብሎ ገመድ ማርዘሙን ረስቶት። ረጅም ገመድ የግድ ከሆነ ጊታሩ አጠገብ በፈር (ገመዱ ትሬብሉን እንዳይበላው የሚከላከል ሰርኪዩት) ያለው ፔዳል ማስቀደም ይፈታዋል።

ክሩን ደግሞ ከስር በኩል በጣት ዳሱት። ፍሬቱ በነካበት ቦታ ሁሉ ትንንሽ ጎድጎዶች ጣት ላይ ከተሰሙ ክሩ አብቅቶለታል፤ የትኛውም የትሬብል ማስተካከያ አይመልሰውም። ፒካፑ ለወፍራሞቹ ክሮች በጣም ተጠግቶ ከሆነም ቤዙ ይጨፈለቃል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጫኑና በክሩና በፒካፑ መካከል ያለውን ለኩ፤ ከ2 ሚሊሜትር ካነሰ በወፍራሙ በኩል ትንሽ አውርዱት።

ክራር በፒዬዞ ፒካፕ (በንዝረት ግፊት የሚሠራው) ለምትሰኩ አንድ ነገር፦ ፒዬዞ የሚፈልገው ከፍ ያለ ኢንፑት ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ የመግቢያው ተቃውሞ) ነው። የጊታር አምፕ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋኦም አካባቢ ስለሆነ ያስኬዳል። የሚክሰር ላይን ግን 10 ኪሎኦም አካባቢ ይሆንና ቤዙን ይበላዋል፤ የምትሰሙት ስስና ጩኸታም ድምፅ ከዚያ ነው። ያ የክራሩ ጥፋት አይደለም።

ማስተካከያዎቹና የቆመበት ቦታ

ቤዝ፣ ሚድል፣ ትሬብል፣ ፕረዘንስ ሁሉንም 5 ላይ አድርጉ፣ ሪቨርቡን 0። የፌንደር ዓይነቱ የቶን ሰርኪዩት በተፈጥሮው መካከለኛውን ድምፅ ይቀንሳል፤ ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትጫወቱ ደስ የሚለው ቃና ከቤዝ ጊታርና ከኪቦርድ ጋር ሲገባ የሚሰወረው ለዚህ ነው። ቤዙን ወደ 3 አውርዱ፣ ሚድሉን ወደ 7 ስቀሉ። ብዙ «የተበላሸ» አምፕ እዚህ ላይ ይድናል።

ስፒከር ትሬብሉን የሚተፋው ፊት ለፊቱ በጠባቡ ነው። አምፑ መሬት ላይ ተቀምጦ እናንተ ከፊቱ ብትቆሙ ትሬብሉ ጉልበታችሁን እየመታ ያልፋል፣ ጆሯችሁ የሚያገኘው ቤዙን ነው። ጥግ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ግድግዳው ቤዙን ይጨምርበታል። ወንበር ላይ አውጡት ወይም ወደ ኋላ አጋድሙት፤ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ይራቅ።

መብራቱ ስንት ቮልት ነው?

ይህን ደረጃ ከውጭ የተተረጎሙ መመሪያዎች ይዘልሉታል፤ እኛ ግን ልንዘልለው አንችልም። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አመሻሹ ላይ እያንዳንዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በየቤቱ ሲሰካ ግን ሶኬቱ ላይ 185 ቮልት ብታገኙ አይግረማችሁ። ስታቢላይዘር የሌለው የቲዩብ አምፕ ይህ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባበታል። የቲዩቡ ማሞቂያ 6.3 ቮልት የነበረው ወደ 5.3 ይወርዳል፤ ለቲዩቦቹ የተፈቀደው ልዩነት ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 10 በመቶ ገደማ ነው። የፕሌቱ (ቲዩቡ ውስጥ ያለው ትልቁ ብረት) 420 ቮልት ወደ 353 ይወርዳል። ጉልበቱ በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚቀንስ 40 ዋቱ ወደ 28 ዋት ይጠጋል። የሚሰማው ምንድን ነው? ድምፁ ቶሎ ይጨፈለቃል፣ ቤዙ ይላላል፣ ሲመቱት ወዲያው አይነሳም። ጠዋት ጥሩ፣ ማታ መጥፎ የሚሆን አምፕ ካላችሁ ሌላ ምርመራ ሳትጀምሩ ቴስተሩን በኤሲ አድርጉና በሁለቱም ሰዓት ሶኬቱን ለኩ።

ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ከሆነ ጀርባው ላይ 120 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይኖራል። በፍጹም ቀጥታ 220 ላይ አትሰኩት። ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ለ40 ዋት የቲዩብ አምፕ ከ300 ቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ያላነሰ፣ ቢቻል 500። አነስ ያለ ትራንስፎርመር ጮክ ሲባል ቮልቴጁ ይወርድበታል፣ ችግሩም ልክ ከላይ እንዳልነው ይሆናል። ብዙዎቹ 110 ቮልት ነው የሚያወጡት፤ ይህ 8 በመቶ ያህል ዝቅ ማለት ነው፣ ይቻላል፤ ግን መስመሩ ራሱ ሲወርድ ሁለቱ ይደመራሉ። ባለ ሁለት ሹል ርካሽ ትራንስፎርመሮች የኧርዝ መስመር የላቸውም፤ እምምታ ያመጣሉ፣ ከዚያም በላይ አደገኛ ናቸው። ባለ ሦስት መስመሩን ግዙ። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ይበልጥ ስለሚሞቅ ከኋላው አየር ይግባው።

አምፑን ለሁለት መክፈል፣ ሣጥኑን ሳይከፍቱ

አሁን ወደ ዋናው ዘዴ ደረስን። ኢፌክት ሉፕ ያለው አምፕ መሃሉ ላይ በር አለው ማለት ነው፤ ከፕሪአምፑ የሚወጣበት አንድ ጃክ፣ ወደ ፓወር አምፑ የሚገባበት ሌላ ጃክ። ምሳሌ ባደረግነው አምፕ ላይ ፕሪአምፕ አውት እና ፓወር አምፕ ኢን ይባላሉ።

ሁለቱን በአንድ አጭር የጊታር ገመድ አገናኟቸው። ድምፁ ወዲያው ጥርት ካለ ሥራው አልቋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ምንም ሳይሰካበት ሲቀር ድምፁ የሚያልፈው በመግቢያው ጃክ ውስጥ ባለች አንዲት የብረት ላሜላ ነው። ጃኩ ለዓመታት ካልተሰካበት ላሜላዋ ትሻግታለች፤ አቧራ፣ ጢስ፣ እርጥበት ይጋግርባታል። ድምፁ ሙሉ በሙሉ አይቋረጥም፤ ደካማና የታፈነ ሆኖ ያልፋል፣ አንዳንዴ ጠንከር ብላችሁ ስትመቱ ብቻ ይከፈታል። ጃኩ ውስጥ ኮንታክት ክሊነር በትንሹ ርጩና የገመዱን ስፒን (ተሰኪ ጫፉን) 20 ጊዜ ያህል አስገቡ አውጡ፤ 15 ደቂቃ ይድረቅ። ኮንታክት ክሊነር ከሌለ 99 በመቶ አልኮል ስፒኑ ላይ ቀብቶ ማመላለስ ይረዳል። የማሽን ዘይት ግን አይሆንም፤ አቧራ ይሰበስባል። ይህን ስታደርጉ አምፑ ከሶኬት ይነቀል።

ገመዱ ምንም ካልለወጠ ሁለት ፈተና ይቀራል። አንደኛ፣ ከፕሪአምፕ አውት ወደ ሌላ አምፕ ወይም ወደ ሚክሰር አውጡት። እዚያ ጥርት ብሎ ከተሰማ ፕሪአምፑ ነጻ ነው። ሁለተኛ፣ ከስልክ ሙዚቃ ወደ ፓወር አምፕ ኢን አስገቡ፤ የስልኩን ድምፅ ከዝቅተኛው ጀምሩ። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ብዙም ስለማያወጣ ሙዚቃው እንደ ቴፕ አይጠራም፣ በዚህ አትደናገጡ። የምትፈልጉት መንኮሻኮሽ፣ መጨፍለቅና መንቀጥቀጥ ነው። እነዚህ ካሉ ጥፋቱ ከሉፑ በኋላ ነው፦ ፌዝ ኢንቨርተር (ድምፁን ለሁለቱ ፓወር ቲዩቦች የሚያካፍለው)፣ ፓወር ቲዩብ ወይም ስፒከር።

ስፒከሩ

የመጀመሪያው ፈተና አምፑን ከሌላ ጤነኛ 8 ኦም ስፒከር ጋር ማገናኘት ነው። ከመንቀላችሁ በፊት አምፑን አጥፉ። የቲዩብ አምፕ ስፒከር ሳይሰካለት በፍጹም አይበራም፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፣ እሱ ደግሞ ከአምፑ ውድ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ ነው። ማገናኛውም የስፒከር ገመድ ይሁን። የጊታር ገመድ መልኩ አንድ ቢሆንም ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል።

ሌላ ስፒከር ከሌለ የራሱን ፈትሹ። ገመዱን ነቅላችሁ በቴስተር ኦም ለኩ፤ ባለ 8 ኦም ስፒከር ከ6 እስከ 7 አካባቢ ያሳያል። የሁለቱን እጅ ጣቶች ኮኑ (የስፒከሩ ወረቀት) መሃል ዙሪያ እኩል አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፣ ልቀቁት። በዝምታ መመለስ አለበት። ደረቅ ነገር እንደሚፈገፈግ የሚሰማ ከሆነ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ያ ማለት ወይ ሪኮን (ኮኑንና ኮይሉን ማስቀየር) ወይ አዲስ ስፒከር። የኮኑን ጠርዝ በባትሪ ከኋላ አብሩበት፤ ብርሃን ካሳለፈ ተቀድዷል። ትንሽ ቅድ በስስ ወረቀትና በውሃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ይለጠፋል። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ደርቆ ወረቀቱን ያሰነጥቀዋል።

ሁለት ስፒከር ያለው ሣጥን ከሆነ ፖላሪቲውን ተጠንቀቁ። አንዱ ተገልብጦ ከተገናኘ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ አየር ላይ ይጠፋል። ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ በየስፒከሩ ለአፍታ አስነኩ፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለባቸው።

ቲዩቦቹ

አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ቲዩብ ሲወጣ ቀጥ ብሎ በትንሹ እየተወዘወዘ ነው፤ ከጠመዘዛችሁት እግሩ ይጣመማል።

ከፕሪአምፑ ጀምሩ፣ ርካሹ እሱ ነው። አንድ ጤናው የታወቀ 12ኤኤክስ7 ያዙና በየመቀመጫው ተራ በተራ ተኩ። ከኢንፑቱ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ሲሆን ከፓወር ቲዩቦቹ ጎን ያለው ፌዝ ኢንቨርተሩ ነው፤ እሱ ሲደክም ድምፁ ከሁለት ወገን እኩል ስለማይገፋ ሸካራ ይሆናል። አምፑ በርቶ ሳለ እያንዳንዱን በእርሳስ እንጨት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ኳ ኳ አድርጉ። ትንሽ ድምፅ ጤና ነው፤ የሚደውልና የሚጮህ ከሆነ ማይክሮፎኒክ ሆኗል (እንደ ማይክ ንዝረቱን ወደ ድምፅ ይለውጣል)።

ፓወር ቲዩቦቹን በጨለማ እዩ። መስታወቱ ላይ ሰማያዊ ጭላንጭል ጉዳት የለውም። ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት ቀልቶ ከታየ ወዲያውኑ አጥፉ። የመስታወቱ ላይ ያለው ብርማ ቅብ ወደ ነጭ ከተለወጠ አየር ገብቶበታል፣ ሞቷል። በሳምንት ብዙ ሰዓት የሚሠራ ሰው ፓወር ቲዩብ በአንድ ወይም ሁለት ዓመት ይቀይራል፤ የፕሪአምፖቹ ከዚያ እጅግ ይቆያሉ። ሁለቱን 6ኤል6 ሁልጊዜ በጥንድ የተዛመዱ አድርጋችሁ ግዙ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ቁጠባ አይደለም።

ከተቀየሩ በኋላ ቢያስ ይስተካከላል። በምሳሌያችን ሰርኪዩት ቦርድ ላይ ቲፒ30 የሚባል መለኪያ ነጥብ አለ፤ በ1 ኦም ሬዚስተር ላይ ስለሚለካ እያንዳንዱ ሚሊቮልት አንድ ሚሊአምፔር ነው። የፋብሪካው ልክ 60 ሚሊቮልት ነው፣ ለሁለቱ ቲዩብ በአንድነት፤ ለእያንዳንዱ 30 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ከዚህ በጣም ሲያንስ ድምፁ ቀዝቃዛና ስስ ይሆናል፣ የኖታው ጅራት ይንኮሻኮሻል። በጣም ሲበዛ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ቲዩቡም ዕድሜው ያጥራል። ልኬቱ አምፑ በርቶና ተከፍቶ ስለሚደረግ የሚቀጥለውን ሳታነቡ አትሞክሩት።

ሣጥኑ ሲከፈት

ከ400 ቮልት በላይ ዲሲ አለበት፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይይዙታል። በከፍተኛ ቮልቴጅ ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙና የጻፋችሁትን ይዛችሁ ወደ ቴክኒሻን ሂዱ። የምታውቁ ከሆነ፦ ሶኬቱን ንቀሉ፤ አንድ እጃችሁን ኪስ አስገቡ፤ በ10 ኪሎኦም 5 ዋት ሬዚስተር፣ ጫፎቹ በደንብ በተሸፈኑ ሽቦዎች፣ እያንዳንዱን ትልቅ ካፓሲተር ከሻሲው (የአምፑ የብረት አካል) ጋር ለ10 ሰከንድ አገናኙ። ከዚያ በዲሲ ለኩ፤ ከ5 ቮልት በታች እስኪሆን ምንም አትንኩ። ቴስተሩ 600 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ይሁን።

መጀመሪያ በዓይን ሥሩ። ትልልቆቹን ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች እዩ፤ ጫፋቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ የወጣባቸው ከሆነ ልል ቤዙን ያመጡት እነሱ ናቸው። እምምታው በ50 ኸርዝ መስመር ላይ 100 ኸርዝ ይሆናል። ከባድ ሲሆን ደግሞ ከምትጫወቱት ኖታ ጋር የማይስማማ ሌላ ኖታ ከስሩ ይሰማል። ከ15 እስከ 20 ዓመት የሞላቸውን አንድ ላይ ቀይሩ፤ ቮልቴጃቸው ከነበረው አይነስ፣ ፖላሪቲያቸው አይገልበጥ።

ቀጥሎ ነጫጮቹን የሴራሚክ ሬዚስተሮች ፈልጉ። በዚህ አምፕ ላይ ሁለት 470 ኦም 5 ዋት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ለሉፑና ለሪቨርቡ አነስተኛ ቮልቴጅ የሚያደርሱ ናቸው፣ በጣም ይሞቃሉ። ከስራቸው ቦርዱ ጠይም ሆኖ ታገኙታላችሁ። ገልብጣችሁ ብየዳቸውን በማጉያ መነጽር ተመልከቱ፦ በእግሩ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ቀለበት ካለ ተሰንጥቋል። አሮጌውን ብየዳ አውጥታችሁ በአዲስ በይዱት፤ ሬዚስተሮቹን ከቦርዱ 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብታደርጓቸው ይሻላል። ትራንዚስተር አምፕ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፤ ከፖዘቲቩና ከኔጋቲቩ 15 ቮልት አንዱ ሲጎድል ድምፁ ግማሹን እንደተቆረጠ ሸካራ ይሆናል።

ኮፕሊንግ ካፓሲተር (ድምፁን ከአንዱ ቲዩብ ወደ ሌላው የሚያሻግረው) ዲሲ ሲያፈስ ለማየት አምፑ በርቶ የቀጣዩን ቲዩብ ግሪድ (ድምፁ የሚገባበት እግር) በዲሲ መለካት ነው። በፕሪአምፕ ቲዩብ ላይ ወደ ዜሮ የሚጠጋ መሆን ሲገባው ፖዘቲቭ ጥቂት ቮልት ከታየ 0.022 ማይክሮፋራዱ ይቀየር። ፌዝ ኢንቨርተሩ ግን ግሪዱ በባህርዩ ከፍ ያለ ቮልት ስላለው በዚህ አትፍረዱበት። የቲዩቡ ሌላ እግር በሆነው ካቶድ ላይ ያለው 22 ወይም 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲደርቅ ደግሞ ጉልበትና ቤዝ ይቀንሳል፤ ጤነኛ በላዩ አገናኝቶ ማዳመጥ ይቻላል፣ ማገናኘቱ ግን ሁልጊዜ አምፑ ጠፍቶ፣ ከሶኬት ተነቅሎና ካፓሲተሮቹ ባዶ ሆነው ነው።

ሲዘጋ በመጀመሪያው 5 ላይ ባስቀመጣችሁት ማስተካከያ፣ በዚያው ጊታር፣ በዚያው 3 ሜትር ገመድ ሞክሩት። 30 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሥራ፤ አምፑ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ፣ ሲሞቅ የሚመለስ ጥፋት የሚያዘው በዚህ ጊዜ ነው።